ከአማቴ ጋር በአዋሽ በረሃ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከሙሉ ጋር ሾላ ገበያ ወርደን ነበር። እሷ በርበሬ ስትመርጥ እኔ እንደ ልማዴ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። አንዲት ነጋዴ ከዘንባባ የተሠራ አዲስ ሰሌን ከጥቅሉ ፈትታ መሬት ላይ ዘረጋችው። ሽታው መጣ። የደረቀ ዘንባባ ሽታ፤ ትንሽ የሣር፣ ትንሽ የፀሐይ፣ ትንሽ የአቧራ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ተሸካሚዎች "አባባ፣ መንገድ!" እያሉ ሲገፉኝ እንኳን አልተንቀሳቀስኩም። ሙሉ ዞር ብላ አየችኝና "ምነው ገመቹ፣ ምን ሆንክ?" አለችኝ። "አዋሽ ሸተተኝ" አልኳት። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ሽማግሌው ጃጀ ይል ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሰሌኑን አሸተተች፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። ሰሌኑን አልገዛነውም። ወደ ጉርድ ሾላ ስንመለስ ግን ታክሲው ውስጥ ሁለታችንም እዚያው በረሃ ላይ ነበርን።

የዛሬ ልጆች ቦሌ ሲባል ፎቅና መብራት ነው የሚታያቸው። እኔ ጂኦግራፊ ለማስተማር ስመጣ ቦሌ ማለት አንድ ሰፊ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ከአጥር ጀርባ ቪላ፣ ከዚያ ኤርፖርት፣ ከዚያ ሜዳ ነበር። ዛሬ ወጣቶች ማኪያቶ ይዘው ስልካቸውን በሚነካኩበት ቦታ ላይ ላሞች ሲግጡ አይቻለሁ። ጉርድ ሾላማ ገጠር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ነጭ ለብሰህ ከወጣህ መንገድ ላይ የሚያይህ ሁሉ ያዝንልሃል። ያን ጊዜ ሱሪያችን ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ መሬት ይጠርጋል፤ ፀጉራችን እንደ ጃንጥላ ነው። ለስላሳ በስሙኒ ጠጥተን ጠርሙሱን እዚያው ቆመን እንመልሳለን። ውይይት ታክሲ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን እንሄዳለን፤ ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ ማንም አይወያይባትም። ሰው ሁሉ በመስኮት ነው የሚያየው። ድምፅ የሚቀነስበት ዘመን ነበር። ጮክ ብሎ የሚናገረው ሬዲዮ ብቻ ነው።

ለእኔ ደግሞ ትንሽ ይብስ ነበር። የነቀምቴ ልጅ ነኝ፤ ከቤተሰቤ ጀምሮ ጴንጤ ነን። የምንሰበሰብበት ቤት ታሽጎ፣ በየሰው ሳሎን መጋረጃ ዘግተን ነበር የምንጸልየው። መዝሙር እንዘምራለን፤ ግን በሹክሹክታ። በሹክሹክታ ዘምራችሁ ታውቃላችሁ? ዜማው ጉሮሮ ላይ ተወትፎ ይቀራል። ሰው ዘምሮ ሲጨርስ ቀለል ማለት ሲገባው እኛ ደረታችን ታፍኖ ነበር ወደየቤታችን የምንሄደው።

ከዚህ ያወጣኝ ግርማ ነው። ግርማ ቦሌ አካባቢ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የማይጠፋ። ሁለታችንም እዚያ መጋረጃ የተዘጋበት ሳሎን ውስጥ ነው የተዋወቅነው። እሱ ከኦርቶዶክስ ቤት መጥቶ አዲስ የገባ ነበር። ከቁርጥራጭ ብረት የገጣጠማት አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው፤ በሯ በሽቦ ይታሰራል፤ መስታወቷ አንድ ወገን የለም። አንድ ቀን "ገመቹ፣ ጮክ ብለን የምንዘምርበት ቦታ ላሳይህ?" አለኝ። ለወራት ያጠራቀመውን የቤንዚን ኩፖን ይዞ፣ ከሾላ ገበያ የተገዛ የጭነት መኪና ሸራ ጭነን፣ ደብረ ዘይትን፣ ናዝሬትን፣ ወለንጪቲን አልፈን፣ ከበሰቃ ሐይቅ ዳር ያንን እንደ ከሰል የጠቆረ ድንጋይ ተሻግረን አዋሽ በረሃ ገባን። ሳላ የሚባለውን የበረሃ አውሬ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የመሰለ፣ በቢጫ ሣር መሃል ቆሞ እኛን ትክ ብሎ የሚያየን። ሰጎን ስትሮጥ አየን። የአዋሽ ወንዝ ከአለት ላይ ሲወድቅ ጭሱ ፊታችንን አራሰው። ከዚያ ዘንባባው መሃል ወዳለው ፍል ውሃ ሄድን። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ልብሳችንን ጥለን ገባንና አንገታችን ድረስ ተዘፍቀን ዘመርን። ጮክ ብለን። ዝንጀሮዎቹ እስኪደነግጡ። ግርማ እየዘመረ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ደግሞ እየሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ በረሃው ሱሳችን ሆነ። የግርማን እህት ሙሉንም ያወቅኋት ለአንድ ጉዞ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ጠቅልላ ስታመጣልን ነው። እንዴት ወደድኳት የሚለውን ብጀምር አልጨርሰውም፤ እሷም ይህን ስታነብ ትቆጣኛለች። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈርመን ተጋባን። እናቷ እማማ አስካለ ግን አልመጡም። ቀኑን ሙሉ ቤታቸውን ዘግተው ዋሉ አሉ። ከዚያ በኋላም ቤታቸው ስሄድ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ፊቴን አይተውም አያናግሩኝም። እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ "ሙሉ፣ ለሰውዬው ምሳ አቅርቢለት" ይላሉ። እኔ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ" ስል እሳቸው ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ልጃቸውን ከሃይማኖቷ ያስወጣሁባቸው፣ ወንድ ልጃቸውንም ያሳትኩባቸው እኔ ነኝ ብለው ነበር የሚያምኑት። ሙሉ እንኳን እምነቷን አልለወጠችም ነበር፤ እስከ ዛሬም አልለወጠችም። እሳቸው ግን ይህን መስማት አልፈለጉም።

እንግዲህ እማማ አስካለ ጉልበታቸውን በጣም ያማቸው ነበር። ከጉርድ ሾላ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ሲወጡ መንገድ ላይ እየተቀመጡ ነው። ሾላ ገበያ የሚያውቋት አንዲት ቅቤ ነጋዴ የአዋሽ ፍል ውሃ ለጉልበት ፍቱን ነው አለቻቸው። ለግርማ ነገሩት። ግርማም "ገመቹ ካልመጣ መኪናዋን ብቻዬን አልችላትም" አለ። ዋሽቶ ነው፤ ብቻውን አሳምሮ ይችላታል። እማማ ለረጅም ጊዜ አሰቡ። በመጨረሻ ሙሉን ጠርተው "ሰውዬው ከኋላ ይቀመጥ" አሏት። ፈቃድ ማለት ያ ነበር።

ዓርብ የሥራ ዝግ ቀን ስለነበረ ሐሙስ ቀትር ላይ ተነሳን፤ ግርማ፣ ሙሉ፣ እማማ አስካለና እኔ። እኔ ከኋላ፣ ከሸራው፣ ከድንቹና ከውሃው ጄሪካን ጋር። እማማ ከፊት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። ኬላ ላይ ስንቆም የቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን ዘብ አገላብጦ ሲያይ እሳቸው "ጉልበቴን ነው ልጄ" ብለው ያሳልፉናል። ደብረ ዘይት ላይ ብርቱካን ገዛን። ወለንጪቲን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ እንደ እንግዳ መሃላችን ተቀመጠ። ወደ ማታ ደርሰን ሸራውን ተከልን፤ ፍል ውሃው ጋ ሳንደርስ ግን ጨለመ።

በማግሥቱ ዓርብ ማለዳ ግርማ "ወደ ውሃው ከመሄዳችን በፊት እማዬ ሳላ ትይ" አለ። ሜዳውን አቋርጠን ሄድን። እማማ መስኮቱ በሌለበት ወገን አንገታቸውን አውጥተው ሲያዩ፣ አንድ የሳላ መንጋ ሣሩ ውስጥ ቀና አለ። "በስመ አብ!" አሉ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው "እንዴት አድርጎ ሠራቸው" አሉ። በዚያች ቅጽበት ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር የሙሉ ፊት ነበር፤ ያው ዓይን፣ ያው የአፍ አከፋፈት።

ግርማ ደስ አለውና ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለመሻገር ገባ። "ይቺ አሸዋ አታስቸግረንም" አለ። አስቸገረችን። ላንድሮቨሯ እስከ ሆዷ ገባች። ገፋን፣ ቅጠል አነጠፍን፣ ሸራ ከጎማ ሥር አደረግን፤ አልሆነም። አስፋልቱ ሩቅ ነው። ግርማ በእግር ሄዶ ሰው ሊያመጣ ተነሳ።

"አውሬ ያለበት ሜዳ ነው፣ ብቻህን አትሄድም" አለች ሙሉ። "እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።"

"አንቺ ቅሪ እንጂ!" አሉ እማማ ደንግጠው። "ወንዱ ይሂድ!"

"እማዬ፣ አሸዋውን የሚቆፍር ሰው ያስፈልጋል። እኔ ልቆፍር? አንቺ ደግሞ በዚያ ጉልበትሽ አትሄጂም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ከእማዬ ጋር ቅር" አለችኝና ኮፍያዬን ከራሴ ላይ ወስዳ አድርጋ ሄደች። ሁለቱ እየራቁ፣ እያነሱ ሄደው ሣሩ ውስጥ ጠፉ።

ከአንዲት ግራር ወደ መኪናዋ ጋቢ ወጥሬ ጥላ ሠራሁላቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን ያዙ። እኔ ሸሚዜን አውልቄ መቆፈር ጀመርኩ። ፀሐይዋ በረታች፣ ከፍ አለች፣ ከዚያ ከፍ ማለቷን ተወችና እንዳለች አናታችን ላይ ቆመች። አየሩ ይንቀጠቀጣል። የወፍ ድምፅ እንኳን የለም። በጣሳ ውሃ ቀድቼ ወሰድኩላቸው።

"እማማ፣ ውሃ ይጠጡ።"

ግራሩን እያዩ "ዓርብ መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ" አሉ ለዛፉ።

"አውቃለሁ እማማ። ግን በረሃ ነው፤ እግዚአብሔር ያያል።"

"ስለሚያይ ነው የማልጠጣው።"

ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ውሃ እንደማይነኩ አውቅ ነበር። ግን ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑ ለሙሉ ምን እላታለሁ? ለመለመን ሞከርኩ፤ አልመለሱልኝም። የጣሳውን ውሃ ጄሪካኑ ውስጥ መለስኩና "እንግዲያው እኔም አልጠጣም" አልኳቸው።

"ሰውዬው አይጾም" አሉ ለግራሩ።

"ዛሬ እጾማለሁ።"

ወደ አካፋዬ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆዩ ይራሩልኛል ብዬ ነበር። አልራሩም። እኔም ግትር ነኝ፤ የአባቴን ግትርነት ነው የወረስኩት። ጄሪካኑ በመሃላችን ተቀምጦ፣ እሳቸው እየጸለዩ፣ እኔ እየቆፈርኩ፣ ሁለታችንም እሱን ላለማየት አንገታችንን አዙረን ቆየን። ከዚያ አሸዋው ነጭ ሆነብኝ። ከዚያ ጥቁር። አካፋው ከእጄ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ራሴ እማማ አስካለ ጭን ላይ ነበር። ያ ጉልበት እንዴት አድርጎ ከጥላው እኔ ያለሁበት እንዳደረሳቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ነጠላቸውን በውሃ ነክረው ግንባሬ ላይ አድርገውታል። ጣሳውን አፌ ላይ ደቅነዋል።

"ጠጣ!"

"እርስዎ ካልጠጡ..."

"ጠጣ አልኩህ አንተ ደረቅ! ልትሞትብኝ ነው እንዴ?"

ጥርሴን ገጠምኩ። አቅም ኖሮኝ አይደለም፤ የቀረኝ ግትርነቱ ብቻ ነበር። አማቴ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። አማተቡ። "አቤቱ፣ አንተ ታውቃለህ" አሉና ጣሳውን እስከ ታች ጨለጡት። በነጠላው ጫፍ አፋቸውን ጠርገው እንደገና ቀዱ።

"ይኸው ጠጣሁልህ። አሁን ደግሞ እንቢ ብትል በዚሁ ጣሳ ነው የምልህ።"

ጠጣሁ። ውሃው ትኩስ ነበር፤ የጄሪካን ጣዕም ነበረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ነገር ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ግን የለም። ተያይዘን ወደ ጥላው ገባን። በመጨረሻ ደፈርኩና "እማማ፣ ለምንድነው እንዲህ የጠሉኝ?" አልኳቸው።

"ጠላሁህ እንዴ?" አሉ። "ፈራሁህ እንጂ።"

"እኔን?"

"የሚመጣብህን። አንዱ ልጄ ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ 'መጣሁ እማዬ' ብሎኝ ወጥቷል። እስካሁን አልመጣም። እናንተ ደግሞ መጋረጃ ዘግታችሁ የምታደርጉትን የማላውቅ ይመስልሃል? ሙሉ እንደ እኔ በር በር ስታይ እንድትኖር አልፈልግም።"

ስለ ሰለሞን፣ ስለ ታላቅ ልጃቸው፣ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሙሉም ግርማም ቤት ውስጥ ስሙን አያነሱትም ነበር። የተማረ፣ ቀልደኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው ልጅ እንደነበረ ብቻ ነበር የማውቀው።

"እተወዋለሁ በለኝ" አሉኝ።

"እተወዋለሁ ብልዎት እዋሻለሁ እማማ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ዓይኔን ያዩት ያን ጊዜ ይመስለኛል። "እንግዲያው ከተማ ውስጥ አፍህን ዝጋ፤ መዝፈን ካለብህ እዚህ መጥተህ ዝፈን" አሉ።

"መዝሙር ነው እማማ።"

"ምንም ይሁን!"

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሙሉና ግርማ ከሦስት የከረዩ አርብቶ አደሮችና ከአንድ ግመል ጋር መጡ። ሰዎቹ ገመድ ይዘዋል። በኦሮምኛ ስንጨዋወት አንደኛው ሽማግሌ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ወደ ፍል ውሃው ስለው "እናንተ የከተማ ሰዎች ሙቀት ፍለጋ ይህን ያህል ትመጣላችሁ?" ብሎ ሳቀብኝ። ላንድሮቨሯን ጎትተው አወጧት። ሙሉ ግን ግመሉንም መኪናዋንም አላየችም። የምታየው እናቷ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ለእኔ ሲያቀብሉ ነበር። ሆን ብላ ነው እንዴ ትታን የሄደችው? ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ዛሬም ድረስ "አሸዋ የሚቆፍር ሰው ያስፈልግ ነበር" ነው መልሷ።

በማግሥቱ እማማ ፍል ውሃ ገቡ። ቀሚሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ሙሉን ተደግፈው፣ እግራቸውን አስገብተው "አሃ!" አሉ፤ ውሃው እስከ ወገባቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እስከ አንገታቸው ሲደርስ ሳቁ። ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ዙሪያቸውን ተንሳፈፈ። ሙሉ እናቷ ሲስቁ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበረ ፊቷን በውሃ ደጋግማ ትታጠብ ጀመር። በኋላ እኔና ግርማ ልንዘምር ስንል እማማ ልብሳቸውን ለውጠው፣ በትር ይዘው፣ "እናንተ የእናንተን በሉ፤ እኔም የራሴ ጸሎት አለኝ" ብለው ወደ ዘንባባው ውስጥ ሄዱ። ዘምረን ስንጨርስ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ግን ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ።

ከተማ ከገባን በኋላ ጉልበታቸው በእርግጥ ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ የበረሃው አለቃ እሳቸው ሆኑ። ገና ክረምቱ ሲወጣ "ግርማ፣ ያቺን ጋሪህን አልጠገንክም?" ይላሉ። የይለፍ ወረቀት የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ቀበሌ ይሄዱና በምርኩዛቸው መሬቱን እያንኳኩ ወረፋ ይጠብቃሉ። "ለሕክምና፣ ከደጋፊ ጋር" ተብሎ ይጻፍላቸዋል። ደጋፊዎቹ በየዓመቱ ጨመሩ። ከሳሎናችን ውስጥ ታፍነው የነበሩ አንድ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ከዚያ ሌሎችም። ሁለተኛ መኪና ተገኘ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን አየና "እማማ፣ ለአንድ ጉልበት ይህ ሁሉ ደጋፊ?" አላቸው።

"አንድ አደረግከው እንዴ? ሁለት ነው ያለኝ!" አሉት። ሳቀና ፈረመ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ያንን ጊዜ ሳስታውስ የሚገርመኝ ደስታችን ነው። በሰርዲን ቆርቆሮ ሻይ እናፈላለን። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማችን በሙቀቱ ይለሰልሳል። እማማ ከሸራው ጥላ ሥር ሆነው ቆሎ እያደሉ፣ ከርከሮ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ ሲሮጥ ባዩ ቁጥር እንደ ልጅ ያጨበጭባሉ። ዛሬ ወጣቶቹ በጥሩ አስፋልት ሄደው፣ በአንዴ የሚተከል ድንኳን ተክለው፣ ፎቶ አንስተው በማግሥቱ ይመለሳሉ። ደስ ይለኛል። እኛም ያኔ ብንችል እንደዚያው እናደርግ ነበር። ግን አንዳንዴ፣ እዚያ ቆመው ጮክ ብለው ሲጠራሩ፣ ጮክ ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያውቁት ይሆን እላለሁ።

ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ፣ እኛ እየዘመርን ሳለ የዝንጀሮ መንጋ እማማ ወደሄዱበት ዘንባባ ሲወርድ አየሁ። ሰግቼ ዱላ ይዤ ተከተልኩ። ዝንጀሮዎቹ ሌላ አቅጣጫ ይዘው ሄደዋል። ከዘንባባው ውስጥ ግን ድምፅ ሰማሁ። ቀረብ ስል እማማ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ እንደ አልቃሽ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ "ሰለሞኔ! ሰለሞኔ!" እያሉ ነበር። ሹራቡን እየጠሩ፣ ቁመቱን እየጠሩ፣ ሳቁን እየጠሩ። የሚከተላቸው የለም፤ የሚቀበላቸው የለም። ብቻቸውን የልጃቸውን ለቅሶ ቆመው ነበር።

ለዛሬ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ያን ጊዜ አንዳንድ ሞት አይለቀስም ነበር። ድንኳን አይተከልም፤ ጥቁር አይለበስም፤ ጎረቤት መጥቶ "እግዜር ያጽናሽ" አይልም። እናት በሯን ዘግታ ትራስ ትነክሳለች። እኛ መጋረጃ ዘግተን ስንዘምር እሳቸው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ መጋረጃ ዘግተው ልቅሷቸውን ይውጡ ነበር። ጉልበታቸውን እያመካኙ በየዓመቱ ወደዚህ ይመጡ የነበረው ውሃውን ብቻ ፈልገው አልነበረም።

እንዳያዩኝ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ለሙሉ በጆሮዋ ነገርኳት። ወደ ዘንባባው አየች። ከዚያ ተነስታ፣ እሷ ከእኛ ጋር ዘምራ የማታውቀዋ፣ ከመሃላችን ገብታ አንድ መዝሙር እንድንጨምር ለመነችን። ሲያልቅ ሌላ። ሲያልቅ ሌላ። ሰዎቹ "ምን ነካት ዛሬ?" ተባባሉ። እኔ አውቅ ነበር። እናቷ የፈለጉትን ያህል እንዲጮኹ፣ ማንም እንዳይሰማቸው፣ ማንም መጥቶ እንዳያቋርጣቸው እየሸፈነችላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው መዝሙራችንን አረዘምን። ግርማ ምክንያቱን አያውቅም ነበር፤ ሙሉ እንዳልነግረው አስምላኛለች። እሱ ወንድሙ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነበርና።

ዘመኑ ተለወጠ። የታሸጉት ቤቶች ተከፈቱ፤ እኛም በድምፅ ማጉያ የምንዘምር ሆንን፤ እንዲያውም ጎረቤት ይቆጣን ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሰለሞንም ነገር ቁርጡ ታወቀ። ጉርድ ሾላ፣ እማማ አስካለ ደጅ፣ ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ከሄደ ስንትና ስንት ዓመቱ ለሆነ ልጅ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ያ የፈረመልን ሊቀመንበር እንኳን መጥቶ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የበረሃ ጓደኞቻችን ሁሉ ነበሩ። ሴቶቹ ወገባቸውን አሥረው እናትየው እስኪጀምሩ ጠበቁ።

እማማ አልጀመሩም። ጥቁር ለብሰው፣ ቀጥ ብለው፣ ዓይናቸው ደርቆ ተቀመጡ። ለሚመጣው ሁሉ እጃቸውን ይሰጣሉ፤ ምግብ ያልቀረበለት ካለ ያያሉ፤ "ለእነዚያ ወንበር ጨምሩላቸው" ይላሉ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ "ምነው አንጀቷ እንዲህ ጨከነ?" ስትል ሰማሁ። ሙሉም ሰማች። ተያየን እንጂ አልመለስንላትም።

ያን ጊዜ ግርማ ገባ። ውጭ ሰው ሲያስተናግድ ውሎ፣ ገና መግባቱ ነበር። እናቱን አየ። ያ ረጅም ሰውዬ እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተቀመጠና "እማዬ፣ እኔ ይመጣል ብዬ ነበር፤ በየቀኑ ይመጣል ብዬ ነበር" አለ። ሊያለቅስ ይፈልጋል፤ ግን ያን ሁሉ ዓመት የታፈነው አልወጣለት አለ።

እማማ አስካለ ከወንበራቸው ወርደው አጠገቡ ተቀመጡ። ራሱን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባውን እያሻሹ፣ ድንኳኑ በሙሉ እየሰማቸው እንዲህ አሉት።

"አልቅስ ልጄ። ጮክ ብለህ አልቅስ። እኔ የእኔን እናንተ ስትዘምሩ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን ያንተ ተራ ነው።"

ግርማ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮት ተነሳ።